ስለ ሮበርት ጃዎርስኪ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከፊሊፒናውያን ጋር የሠራ ሰው ለቅርጫት ኳስ ያላቸውን ፍቅር ሳያስተውል አይቀርም። ከዚህ ፍቅር ጋር አብሮ የሚነሣ ስም የታዋቂው ተጫዋች የሮበርት ጃዎርስኪ ነው። ስለ እርሱ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን ብቻ የሰሙ ሰዎች ከአሜሪካ የመጣ ቅጥር ተጫዋች ይመስላቸዋል። አባቱ የፖላንድ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነበር፤ እናቱ ግን ፊሊፒናዊት ስትሆን፣ እርሱም በ1946 በተራራማዋ የባጊዮ ከተማ ተወልዶ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለፊሊፒንስ ተሰልፏል።

ሁለተኛው ስሕተት ዕድሜውን ሁሉ በሂኔብራ ቡድን እንዳሳለፈ መቍጠር ነው። ይህ አመለካከት ከ1973 ጀምሮ ቶዮታ በተባለው ቡድን ያሳለፋቸውን አሥር ዓመታት ይሰርዛል። በእስያ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ በ1975 በፊሊፒንስ ሲጀመር ቶዮታ ቀዳሚ ሻምፒዮን የሆነው፣ እስከ 1983 ድረስም ዘጠኝ ዋንጫ የሰበሰበው ጃዎርስኪን ይዞ ነው፤ በ1978 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሲባልም የለበሰው የቶዮታን ማልያ ነበር። ወደ ሂኔብራ የተሻገረው ቶዮታ በ1984 ሲፈርስ፣ ሌሎች ጫማ በሚሰቅሉበት በ38 ዓመቱ ገደማ ነው።

«ጉልበት እንጂ ጥበብ አልነበረውም» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደ ይመስለኛል፤ መነሻ የሌለው ወሬም አይደለም። በ1971 ለሜራልኮ ቡድን ሲጫወት ከቡድን ጓደኛው ከአልቤርቶ ሬይኖሶ ጋር ዳኞችን በመምታቱ የዕድሜ ልክ እገዳ ተጥሎበት ነበር፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ እገዳው በ1973 ተነሥቶለት፣ በዚያው ዓመት ማኒላ ባስተናገደችው የእስያ ሻምፒዮና ዋንጫውን ካነሣው ብሔራዊ ቡድን አንዱ ሆኗል። በሊጉ ዘመኑም 5,825 ጊዜ ለነጥብ የበቃ ኳስ ለጓደኞቹ አቀብሎ በዚህ ረገድ የሊጉን ክብረ ወሰን ይዟል። ክንዱን ብቻ የሚያምን ሰው እንዲህ ያለ ቍጥር አያስመዘግብም።

የሂኔብራ ደጋፊዎች «እጅ አንሰጥም» የሚለው መፈክር ከዋንጫ ፍልሚያ የተገኘ የሚመስላቸውም አሉ። መነሻው ግን ሌላ ነው፦ በ1985 ኤን ሲ ሲ ከተባለው ቡድን ጋር በተደረገ ተራ ጨዋታ፣ በክርን ተመትቶ ከንፈሩ የተሰነጠቀው ጃዎርስኪ ዘጠኝ ስፌት ተሰፍቶለት ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው ቡድኑም ተነሣሥቶ አሸነፈ። ሂኔብራ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው።

በአንጻሩ ተረት የሚመስለው እውነት የሆነበትም ጊዜ አለ፦ አሠልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ እስከ 1997 ድረስ፣ ማለትም ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ እንኳ ሜዳ ገብቷል። በ1998 ደግሞ ሴናተር ሆኖ ተመርጧል።

በቶዮታ የቡድን ጓደኛው ከነበረው ከራሞን ፈርናንዴዝ ጋር ከቡድኑ መፍረስ በኋላ የዘለቀው ኩርፊያ ሳይፈታ ቀረ መባሉም ትክክል አይደለም። በ1989 የኮከቦች ጨዋታ በአንድ ወገን ተሰልፈው፣ ጃዎርስኪ ከመስመር ውጭ ያቀበለውን ኳስ ፈርናንዴዝ ለአሸናፊዋ ነጥብ አበቃው፤ ከዚያም ሁለቱ በአሠልጣኛቸው በቤቢ ዳሉፓን አግባቢነት፣ በተመልካቹ ፊት ተጨባበጡ።