«ዋናው የት አለ?»

ህትመት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህች ጥያቄ አልለቅ ብላኛለች። በቀደም አንድ ዘመዴ ስቱዲዮዬ መጡና ግድግዳው ላይ ያለውን የመዳብ ህትመት (መዳብ ላይ ተሠርቶ ወረቀት ላይ የታተመ ስዕል) አይተው አይተው «ጥሩ ነው፤ ዋናውን የት አስቀመጥከው?» አሉኝ። ዋናው እኮ እሱ ነው፣ ጋሼ!

ሰው ህትመትን የስዕል ፎቶኮፒ ያደርገዋል። እስቲ ሠዓሊዋ ሜሪ ካሳት በ1891 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ፓሪስ ውስጥ በዱራን-ሩዌል ጋለሪ ያሳየቻቸውን 10 ባለቀለም ህትመቶች እንያቸው። አንዷ ሴት ፖስታ ለማሸግ ጠርዙን ወደ አፏ አስጠግታለች። አንዷ ልብስ ስትለካ ሰፊዋ እግሯ ሥር ተንበርክካለች። ሌላዋ እስከ ወገቧ ተራቁታ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች፤ የምናየው ጀርባዋን ነው። እነዚህ ከየትኛውም ሸራ ላይ አልተገለበጡም። መዳቡ ላይ በመርፌ ተጫሩ፤ ሰፋፊው የቀለም መደብ ደግሞ በሙጫ ዱቄትና በአሲድ ተበላ። ለአንድ ምስል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሰሌዳ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ በእጅ ቀለም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይዛነፍ ይታተማል። ለቀጣዩ ወረቀት እንደገና ከዜሮ! ካሳት አብሯት ከሚያትመው ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ለፍተው 8 ወይም 10 ወረቀት ብቻ ያወጡባቸው ቀናት እንደነበሩ ራሷ ጽፋለች። ከእያንዳንዱ ምስል የወጣው 25 ነው። ሕፃን ስለማጠብ የሠራችው ህትመት የመጨረሻ መልኩን እስኪይዝ 17 ደረጃ አልፏል፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራችው ዝነኛ የዘይት ቀለም ስዕል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1893 ነው። ታዲያ ማን ነው የማን ቅጂ?

ደግሞ ህትመት በእጅ ይዘው፣ ወደ ዓይን አስጠግተው የሚያዩት ነገር ነው። ሰብሳቢዎች በአቃፊ ያስቀምጡትና ሲፈልጉ አውጥተው ያዩታል። ጓዳ ውስጥ የምትታጠብ ሴት ከሳሎን ግድግዳ ይልቅ እዚያ ትስማማለች።

ልትገዙ ከሆነ እባካችሁ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ወዳጄ በደህና ገንዘብ «ኦሪጅናል ህትመት» ገዝቶ አመጣልኝ፤ በማጉያ ሳየው በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ፖስተር! የመዳብ ህትመት ከሆነ ወረቀቱ ላይ ሰሌዳው የተጫነበት ጠርዝ ገባ ብሎ ይታያል። ጠርዙ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ፤ መስመሩንም እዩት፤ በነጠብጣብ የተሠራ መሆን የለበትም። ፍሬም ውስጥ ያለውን አስወጥታችሁ እዩ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት።

ስለ ካሳት የሚወራውም ብዙ ነው። «የምትሥላቸው ሕፃናት የራሷ ናቸው» ይባላል። አልወለደችም፣ አላገባችምም።

«ፈረንሳዊት ናት።» አሜሪካዊት ናት። እንዲያውም የፈረንሳይ አታሚ ሠዓሊዎች ማኅበር በ1891 የውጭ ተወላጆችን ስላገለለ፣ እሷና ሠዓሊው ፒሳሮ ሥራቸውን ያሳዩት ከማኅበሩ ኤግዚቢሽን ጎን ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው።

«ከጃፓን ገልብጣ ነው።» በ1890 ፓሪስ ውስጥ የተካሄደውን ትልቅ የጃፓን ህትመት ኤግዚቢሽን አይታ መነሳሳቷን አልደበቀችም። ጃፓኖቹ ግን እንጨት ፈልፍለው ከፍ ብሎ የቀረውን ያትማሉ፤ እሷ መዳብ ጭራ የጎደጎደውን። ሥራው ተቃራኒ ነው።

የሠዓሊው ቱሉዝ-ሎትሬክ «ኤል» የተባለው የህትመት ስብስብ (1896) ብልግና ነው የሚሉም አሉ። አብዛኞቹ ሳያዩት ነው የሚፈርዱት። የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚያዩት የምትታጠብ፣ ፀጉሯን የምታበጥር፣ አልጋዋ ላይ ቁርስ የቀረበላት ሴት ነው። ወንድ የለም ማለት ይቻላል። ሌላ ነገር የጠበቀው ገዢ ስላላገኘው ገበያውም ቀዝቃዛ ነበር።

«ሴቶቹ ሞዴል እንጂ ሠሪ አልነበሩም» የምትለዋስ? ሱዛን ቫላዶን ሞዴል ነበረች፤ ለሎትሬክም፣ ለሠዓሊው ሬኗርም ቆማለች። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በ1895 አካባቢ በሠዓሊው በኤድጋር ደጋ ማተሚያ ላይ የራሷን መዳብ ማተም ጀመረች፤ የሠራቻቸውም ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶችንና የምታግዛቸውን ሠራተኛ ነበር።