«ደፋር ነዎት?» ብዬ እማማን ያስቀየምኩ ቀን

«መምህር፣ መጠይቁ ተተርጉሟል። ወደ መስክ ልውጣ?»

ደብረ ማርቆስ ላይ የተማሪዎችን መጠይቅ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ሳልሰማ ያለፈ ዓመት የለም። መልሴም አንድ ነው፦ ገና ነህ።

ሰሞኑን የመጣልኝ እንደ ድፍረት ያሉ የባሕርይ ጥንካሬዎችን የሚለካው «ቪአይኤ» የሚባለው መጠይቅ ነው። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ፒተርሰንና ሴሊግማን በ2004 እ.ኤ.አ. 24 ጥንካሬዎችን በ6 በጎ ምግባሮች ሥር አደራጅተው አቅርበዋል። የመጀመሪያው መጠይቅ 240 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ጥንካሬ 10። መላሹ ራሱን ከ1 (ፈጽሞ እኔን አይመስልም) እስከ 5 (በጣም እኔን ይመስላል) ይመዝናል።

ተማሪው ይመልስልኛል፦ «አማርኛው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ከዋናው ጋር ከገጠመ በቃ።»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ደጀን አካባቢ ምስር ከሚለቅሙ እናት አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጬ «ደፋር ሰው ነኝ» የሚለውን አነበብኩላቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ምነው ልጄ? ማንን ደፍሬ አውቃለሁ?» አሉኝ። ተቀይመዋል። 1 አስሞሉኝ። ቆየት ብለን ስንጫወት ግን ሌሊት በረት የገባ ጅብ ብቻቸውን በችቦ እንዳባረሩ ነገሩኝ።

ትርጉሙን መልሰን ብናየው እንከን የለውም። «ደፋር» እንግሊዝኛው ላይ ካለው ቃል ጋር ልክ ይገጥማል። እሳቸው ጆሮ ውስጥ ግን ደፋር ማለት ስድ፣ ታላቅ የማያከብር ነው። ታዲያ «ጀግና» እንበል? እሱም አልሆነም። ሴቶቹ «ጀግናማ ወንዱ ነው» አሉን፤ ወንዶቹ ደግሞ ራስን ማመስገን ነውር ነው ብለው ዝም አሉ። መጠይቁ የሚፈልገው ግን ሰው ሁሉ ቢቃወመውም ለእውነት የሚቆመውን ጭምር ነው። በመጨረሻ «ሰው ቢከፋብኝም እውነቱን ከመናገር ወደ ኋላ አልልም» አልን። ይሄኛውን ሁሉም ገባው።

ስለዚህ ከመስክ በፊት አሥር ያህል ሰው ፈልግ። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ የቆሎ ተማሪ ይኑርበት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንብብና «ይህን ሲሰሙ ምን መጣብዎት?» በል። ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ። ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ይፍጅ።

ተማሪዎች የሚሉኝ ሌላም አለ። «አልፋው ከ0.70 በላይ ስለሆነ ተገቢነቱ (መለካት ያለበትን መለካቱ) ተረጋግጧል።» አልተረጋገጠም። የክሮንባክ አልፋ የሚባለው ቁጥር ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን እንጂ ምን እንደሚለኩ አይነግርህም። አንዱን ጥያቄ ቃሉን እየቀያየርክ አሥር ጊዜ ብትጠይቅም አልፋው ከፍ ይላል።

«ስለ መንፈሳዊነት ሁሉም 5 ሰጡ፤ በደንብ ሠርቷል።» ፈተና ላይ ሁሉም 100 ቢያመጣ ጎበዙን በምን ትለየዋለህ?

«አሉታዊ ጥያቄ ያው ነው፣ ነጥቡን መገልበጥ (5ን 1፣ 1ን 5 ማድረግ) ብቻ ነው።» «ቂም አልይዝም» ስትለው «አዎ፣ አልይዝም» የሚልም አለ፣ «አይ፣ አልይዝም» የሚልም አለ። ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሉት። ጠያቂህ አዎና አይን ብቻ ሰምቶ ካከበበ ዳታህ ተበላሸ።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞልተውታል፣ ለጎጃም ይበቃል።» ለተማሪዎቹ ይበቃ ይሆናል። እማማ ግን ግቢ ውስጥ የሉም። ሞጣ ሂድ፣ ቢቸና ሂድ። ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ብለህ አንብብለት። ከ1 እስከ 5 ያሉትን ነጥቦች የሚወክሉ 5 ስኒ ደርድርና ለየመልሱ አንድ ባቄላ ይጣልልህ። ሲጥል ደግሞ ፊትህን አዙር፤ አንተ እያየኸው በይሉኝታ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ብዙ ነው።