የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወርኃ ጽጌ ተፈጽሞ ኅዳር 6 ቁስቋምን አከበርን። ማኅሌቱ ቆሞ ሰቆቃወ ድንግል ሲደርስ የእመቤታችንን ስደት እያሰበ እንባው ያልመጣ ማን ነው? በዚህ ሰሞን አንድ የፊልም ትዕይንት ከመዝሙር 136 ጋር ሲመላለስብኝ ሰነበተ።

ፊልሙ ሩሲያዊው አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1983 እ.ኤ.አ. የሠራው «ኖስታልጂያ» ነው። ጣልያን አገር የሄደ ሩሲያዊ ባለቅኔ የአገሩ ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎታል። ሰዎች እብድ የሚሉት ሽማግሌ አደራ ሰጥቶታል፦ የበራ ሻማ ይዞ በባኞ ቪኞኒ ያለውን የፍል ውኃ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር እንዲሻገር። ገንዳው ውኃው ተመጥጦለታል። ሰውየው ለኩሶ ይነሣል፤ ነፋስ ያጠፋበታል። ከመነሻው ይጀምራል፤ ዳግመኛ ይጠፋል። በሦስተኛው በእጁም በካፖርቱም ከልሎ እያቃሰተ ይደርሳል፤ ሻማውን አቁሞ ይወድቃል። ካሜራው ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ይከተለዋል። ታርኮቭስኪ ራሱም አገሩ ሳይመለስ በ1986 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

መዝሙሩ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን፤ ጽዮንንም ባሰብናት ጊዜ አለቀስን» ይላል፤ ቀጥሎም «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» መሰንቋቸውን ሰቅለው አንዘምርም ያሉት ምርኮኞች፣ ልቅሷቸው ራሱ መዝሙር ሆኖ ይኸው እስከ ዛሬ እንደግመዋለን። እግዚአብሔር ናፍቆታቸውን አልነቀፈም። ስለዚህ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ያለሽ እኅቴ፣ ለጸሎት መውጫ ያጣሽ፣ ሌሊት ወጥ ቤት ቆመሽ የምትደግሚው ውዳሴ ማርያም እንባ ስለተቀላቀለበት አልጎደለም። እመቤታችን በግብፅ እንግዳ ነበረች፤ ታውቅሻለች።

በእኛ ግን ልቤ ያዝናል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ካህንም አዳራሽም ጸበል ጸዲቅም ባለን። አዲስ የመጣው ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ያስቀድሳል። ከቅዳሴ በኋላ የምናውቀውን ብቻ ከብበን እንቀመጣለን። ጠያቂ ቢያገኝ እንኳ ከስሙ በፊት «የየት አገር ልጅ ነህ?» ይባላል፤ መልሱ ያልጣመው ፊቱን ያዞርበታል። በሰቆቃወ ድንግል አልቅሶ ስደተኛውን ማለፍ ምን ዓይነት ልቅሶ ነው? «እንግዳ ሆኜ አልተቀበላችሁኝም» የሚለው ቃል ለማን የተጻፈ ይመስለናል? ለዚያ ባለቅኔ ነፋሱን አብሮት የሚከልልለት ሰው አልነበረም፤ ይህ ልጅ ግን በምእመናን መካከል ቆሞ ነው ብቻውን የሆነው።

በሚመጣው እሑድ ወደ ማዕዱ አምጡት። ስልኩን ተቀበሉ፤ በሳምንቱ መካከል ከሥራ ሲገባ ደውሉለት። ለገናም ብቻውን እንዳይፈስክ ከአሁኑ ቤታችሁ ጥሩት።