ስለ አንጎል ኤቪኤም የጨረር ሕክምና የሚወራው እና እውነታው

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ጥቂት ብትቀመጡ፣ ትልቅ የኤምአርአይ ፖስታ የያዘ ቤተሰብ አታጡም። ሪፖርቱ አንዳንዴ «ኤቪኤም» ይላል። ደም ወሳጅና ደም መላሽ ስሮች፣ መሃል ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ቀጫጭን ስሮች ሳይኖሩ በቀጥታ ተጋጥመው ተተብትበዋል ማለት ነው። ሊደማ ይችላል፤ የሚጥል በሽታም ሊያመጣ ይችላል። ከሕክምናዎቹ አንዱ ራዲዮሰርጀሪ ነው፤ ያለ ቢላዋ፣ በጨረር ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ማለት ነው። ወሬው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

«ጋማ ናይፍ ከሆነ ጭንቅላት ይከፈታል»

አይከፈትም። ጋማ ናይፍ የራዲዮሰርጀሪ መሣሪያ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ በቃ።

«ጨረሩን ከወሰድኩ አደጋው አለፈ»

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይኼኛው ነው። ጨረሩ የስሮቹን ግድግዳ ከውስጥ ቀስ በቀስ ያወፍረዋል። ሙሉ በሙሉ እስኪዘጉ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል፤ የሚዘገይም አለ። እስከዚያ የመድማት አደጋው አይጠፋም። ስለዚህ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ «ታክሜያለሁ እኮ» ብሎ መተኛት የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ይሥራ አይሥራ ማን ያውቃል? ዕድል ነው»

እርግጡን ማንም አያውቅም። ግምቱ ግን የሚሰላ ነገር ነው። ፖሎክ እና ፍሊኪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ቀመር አለ፤ በ2008 ቀለል ተደርጓል። የኤቪኤሙ መጠን በሚሊ ሊትር በ0.1 ይባዛል። ዕድሜ በ0.02 ይባዛል። ቦታው ታላመስን ወይም የአንጎል ግንድን የመሰለ ጥልቅ ክፍል ከሆነ 0.5 ይጨመራል።

የ30 ዓመት ወጣት፣ 3 ሚሊ ሊትር፣ ግንባር አካባቢ እንበል። 0.3 ሲደመር 0.6፣ 0.9 ይሆናል። ያው ኤቪኤም ታላመስ ላይ ቢሆን 1.4 ነው። በ2008ቱ ጥናት ውጤታቸው ከ1 ያልበለጠ ታካሚዎች 89 በመቶው ኤቪኤማቸው ተዘግቶ፣ አዲስ የነርቭ ጉዳትም አልደረሰባቸውም። ከ2 በላይ የሆኑት ላይ ግን 46 በመቶ ብቻ ነው። ይኼ የብዙ ሰው አማካይ እንጂ የአንድ ሰው ፍርድ አይደለም።

«2 ሴንቲሜትርና 4 ሴንቲሜትር ምን ልዩነት አለው?»

ሰማይና ምድር! ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መጠኑ 8 እጥፍ ይሆናል። ክብ ቢሆን ባለ 2 ሴንቲሜትሩ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ባለ 4ቱ 33 ገደማ ነው። በቀመሩ ከመጠን ብቻ 0.4 እና 3.3 ማለት ነው። መጠኑ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ጤነኛውን አንጎል ላለመጉዳት የጨረሩ ኃይል ይቀነሳል፤ የመዘጋት ዕድሉም አብሮ ይወርዳል። ሐኪሙን «ትልቅ ነው ወይ?» ከማለት «ስንት ሚሊ ሊትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ስፔትዝለር ማርቲን ደረጃዬ 3 ነው፤ ጨረርም አይሆነኝም»

ያ የ1986 (እ.ኤ.አ.) የኤቪኤም ደረጃ መለኪያ የተሠራው ለቀዶ ጥገና ነው። ትንሽ ሆኖ ጥልቅ ቦታ ያለ ኤቪኤም 3 ሊያገኝ ይችላል፤ ለጨረር ግን ጥሩ እጩ ሊሆን ይችላል።

«ጨረር ከወሰድኩ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ላቁም»

በፍጹም፣ ያለ ሐኪም አይሆንም። ጠበል የምትሄዱም ብትሆኑ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ።

«ኤምአርአዩ ንጹህ ነው፣ ጨርሻለሁ»

ጥሩ ዜና ነው፤ ማረጋገጫው ግን አንጂዮግራም ነው። በደም ስር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ምስል ማለት ነው። ኤምአርአይ የማያሳየውን ትንሽ ቅሪት እሱ ሊያሳይ ይችላል። ቅሪት ካለ ደግሞ የመድማት አደጋው አለ።