«ዝቅተኛ ወጪ መንገድ» ምንድን ነው?

ካርታ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አሳይቶ «ቀይ ቀበሮዎቹ የሚሻገሩት በዚህ ነው፤ ይህችን ከከለልን ጨረስን» የሚል ሰው ዘንድሮም አልጠፋም። ወንድሜ፣ ይህች መስመር «ዝቅተኛ ወጪ መንገድ» የምትባለው ናት፤ ያሰመራት ኮምፒውተር ነው እንጂ ቀበሮ አልሄደባትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የካርታው መሬት በፒክስል (በትንንሽ አራት ማዕዘኖች) ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ የማለፊያ ዋጋ ይሰጠዋል፦ ፍልፈል የሞላበት ውርጭ (ከደጋ በላይ ያለው ብርዳማ ከፍታ) 1፣ የገብስ ማሳ 10፣ መንደር 100 እንበል። ፕሮግራሙ ድምሩ ያነሰውን መንገድ ፈልጎ ያወጣል። (ቁጥሮቹን ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኛው በግምት መሆኑን ማንም አይጠይቅም።)

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ፍጹም የማይታለፍ ቦታ ካልነገሩት በቀር ፕሮግራሙ «መንገድ የለም» አይልም። ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ አስምር ቢሉት ያሰምራል፤ ከ3,000 ሜትር በታች እምብዛም የማይወርደውን እንስሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይከተዋል። ዝዋይ አካባቢ የሸለቆው ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ነው!

በታክሲ እናስበው። ከሁሉም ርካሹ ጉዞ 800 ብር ቢሆን፣ ኪሱ 50 ብር ብቻ ያለው ተሳፋሪ አይደርስም። ደግሞም ሞዴሉ ተሳፋሪው የየመስመሩን ታሪፍ ገና ሳይነሳ አጥንቶ የጨረሰ ያደርገዋል። ከመንጋዋ የወጣች ቀበሮ ግን ታሪፉን የምታውቀው ስትሳፈር ነው። ይባስ ብሎ፣ ግምቱን ትተን ከእንስሳው እንማር ስንልም ታሪፉን የምንጠይቀው በየቀኑ አንድ ሰፈር የሚመላለሰውን ነው፤ ጂፒኤስ ኮላሩን (አንገት ላይ የሚታሰረውን መከታተያ) ነባር ወንድ ላይ አስረን ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ላይ ወንዶቹ በብዛት በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የሚወጡት ሴቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ከመስመሯ በፊት ድምሩ ስንት ነው፣ እንስሳው ይችለዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ብራድ ማክሬ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ያመጣው ስሌት አንዷን መስመር ትቶ መተላለፊያዎቹን ሁሉ ስለሚደምር፣ እንቅስቃሴው የት ላይ እንደሚጠብ ያሳያል። ዋጋዎቹ ግን ያው የእኛ ግምት ናቸው።

«አገናኝ» ሁሉ መልካም ነው ለሚሉም፦ በመተላለፊያው በሽታም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ሲፈጅ፣ ክትባቱ ያነጣጠረው ሸለቆውን ከሌሎቹ መኖሪያዎች በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ባሉት መንጋዎች ነበር፤ በሽታው እዚያው እንዲቆረጥ።