«የትኛውን ገዳም?» ብሎ መጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ጀልባ ማረፊያ ላይ አስጎብኚ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ቀኔን የሚሞላው ለጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ሰው በአካል መጥቶ ይጠይቃል፣ ይደውላል፣ ከሩቅ አገር ይጽፋል። ከመመለስ በፊት ጥያቄውን ማጥራት ግን ብዙዎቻችን የምንሸሸው ነገር ሆኗል። ለምን እንደምንሸሸው ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቶቹ አብዛኞቹ ስህተት ናቸውና።

«መልሶ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የማያውቅ ነው»

ይህን የሚፈሩት በተለይ ወጣት አስጎብኚዎች ናቸው። እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ሲሉ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን ያቀብሉታል። እውነታው ሌላ ነው፤ የት ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የሚያውቀው ጉዳዩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን ከወሎ የመጡ እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር ሆነው «ልጄ፣ ገዳም ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉኝ። ጣና ላይ ገዳሙ ብዙ ነው። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። «እማማ፣ የትኛውን ገዳም ነው የሚሳለሙት?» አልኋቸው። «የገብርኤል ስለት አለብኝ፣ ክብራን ነው የምሄደው» አሉ። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ ነው፤ ሰዓቱን ነግሬ ጀልባ ላይ ላሳፍራቸው እችል ነበር። ነገር ግን ወደ ክብራን ሴቶች አይገቡም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። ሳልጠይቅ መልሼ ቢሆን ኖሮ የነገርኋቸው ሰዓት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ እኒያን እናት ከነስለታቸው ደጅ ላይ ያስቀራቸው ነበር። ስለቱን በልጃቸው እጅ ላኩ፤ እርሳቸው አጠገቡ ወዳለው ወደ እንጦስ ኢየሱስ ሄደው ተሳለሙ፤ እዚያ ሴቶች ይገባሉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ሲባል እኔ የሚታየኝ የዚያን ቀን ጉዞ ነው።

«ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ምን ያስጠይቃል?»

እኛ እኮ ሰምና ወርቅ ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ነን። ቅኔ ሲሰማ ሁለተኛውን ትርጉም የሚፈልግ ጆሮ፣ ለተራ ጥያቄ ሲሆን ለምን እንደሚሰንፍ አይገባኝም።

ከውጭ አገር አንድ ቤተሰብ «ጥር 11 እንደርሳለን፣ ጀልባ ይዘጋጅልን» ብሎ ጻፈልኝ። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ለበዓሉ የሚመጡ መሰለኝና በዚያ የግርግር ቀን በመከራ ጀልባ አስያዝሁ። ጥር 3 ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቤተሰቡ ማረፊያው ላይ ቆሟል። ለካ ጃንዋሪ 11ን ነው በአማርኛ ጥር 11 ብለው የጻፉት። ሽማግሌ አባታቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ያየሁት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ አንዲት መስመር ብጽፍ የሚቀር ነገር ነበር። ሰዓቱም ያው ነው፤ በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል 6 ሰዓት አለ። የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ነው።

ከዚያ ወዲህ «ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሸክሙን ሁሉ መልሶ በጠያቂው ላይ ይጭናል። የተረዳሁትን አስቀምጣለሁ፦ «ጥር 11 ስትሉ የጥምቀት ዕለት ማለታችሁ ነው ወይስ ጃንዋሪ 11?» ሰው በአንድ ቃል መልሶ ይገላገላል።

«ብዙ በጠየቅሁ ቁጥር ጠንቃቃ ነኝ»

አይደለም፤ ይህ ምርመራ ነው። «ጭስ ዓባይን ማየት ይቻላል?» ለሚል ሰው ስንት ሆነው እንደሚመጡ፣ ከየት እንደሚነሡ፣ የት እንደሚያድሩ መጠየቅ ምን ይፈይዳል? መልሱን የሚለውጠው ወሩ ነው። ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ ይወርዳል፣ በበጋ ግን ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ ውኃም ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ይሳሳል። ስለዚህ «በየትኛው ወር ነው የምትመጡት?» ይበቃል። ምክንያቱንም አብሬ እናገራለሁ፤ ለምን እንደተጠየቀ የገባው ሰው አይከፋውም።

«በጥያቄ መልክ የቀረበ ነገር ሁሉ ትሕትና አለው»

«ይህን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ አይደለም፣ ተግሣጽ ነው። «ቀደም ብለህ ለምን አላጣራህም?» የሚለውም እንዲሁ። መልስ የማንፈልግበትን ነገር በጥያቄ ምልክት ባንጨርሰው ደስ ይለኛል። ምክር ካለን ምክር ብለን እንስጥ።

«ጠያቂው ካልመለሰልኝ የእኔ ድርሻ አብቅቷል»

አንዳንድ ጊዜ ሰው ጠይቆ ይጠፋል፤ ስልኩ ተዘግቶ ወይም መንገድ ላይ ሆኖ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ «በጀልባ ነው ወይስ በመኪና?» ሲባል «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂም ድርሻ አለው፤ ሲጠየቅ የጎደለውን ሞልቶ ጥያቄውን እንደገና ሙሉ አድርጎ ቢያቀርብ፣ ከእኔ በኋላ ስልኩን የሚያነሣው ባልደረባዬ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ያም ባይሆን ግን ሰውየውን ባዶ እጁን አልተወውም። ሁለቱንም መንገድ እጽፍለታለሁ፦ «ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪናም መንገድ አለ። ከዚያ በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይወጣሉ። አረጋዊ ሰው አብሮ ካለ ግን ይንገሩኝ፤ እንደ አቅማቸው እናመቻቻለን።» ለዚህ ለመጨረሻው መልስ የማይልክልኝ ሰው እምብዛም አልገጠመኝም።