«እንስሳ እኮ ነው!»፦ ስለ ቪጋንነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቪጋን የሚባለው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር የማይበላ፣ እንስሳን ከሚጎዳ ነገር ሁሉ በሚችለው መጠን የሚርቅ ሰው ነው። ሐረርም ሆነ ድሬ ይህን ጉዳይ ሳነሳ የሚገጥሙኝ መልሶች ይመሳሰላሉ።

«ሰውና በሬ እኩል ናቸው ልትሉን ነው?»

አይደለም። በሬ ይምረጥ፣ ትምህርት ቤት ይግባ ያለ የለም። ጥያቄው ስቃይ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ያነሳው ይህንኑ ነበር፦ ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሰቃያሉ ወይ? በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሪቻርድ ራይደር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የሌላውን ሕመም «የእኛ ዝርያ አይደለም» ብሎ መናቅን ከዘረኝነት ጋር አመሳሰለው። ስሙንም «ስፒሺሲዝም» አለው፤ የዝርያ አድልዎ እንደማለት ነው።

አድልዎው እኛም ዘንድ አለ። ሐረር ላይ ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል፤ ለአሹራ ገንፎ ይቀርብለታል። ውሻ ግን በድንጋይ ይባረራል። ግመል አንዱ ቤት ጥሩ ሥጋ ነው፣ ሌላው ቤት አይነካም። እንጨት ተጭና በግንብ ወደታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ወደ ጁገል የምትገባ አህያ ጀርባዋ ተልጦ እየደማም ትመታለች። ሁሉንም ያማቸዋል። የለያያቸው የእኛ ልማድ እንጂ የሕመማቸው መጠን አይደለም።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት የፈረንጅ ነው? ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት ያለ ሥጋና ያለ ወተት ይጾማሉ። እርግጥ የሚጾሙት ለነፍሳቸው እንጂ ለበሬው ብለው አይደለም። ግን ማዕዱ ያለ ሥጋም እንደሚሞላ ከእነሱ በላይ ምስክር የለም።

«ፈጣሪ ፈቅዶልናል»

መፍቀድና ማዘዝ ይለያያሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ለሰው ምግብ እንዲሆን የተሰጠው እህልና ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ ምዕራፍ 9 ላይ ነው። በነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስም ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት እንደተቀጣች፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ተነግሯል። እንግዲህ የእንስሳ ሕመም ፈጣሪ ዘንድ ይቆጠራል ማለት ነው። ሌላ የሚበላ እያለን ለጣዕም ብለን ማረድ ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል? እኔ ማስታረቅ አልቻልኩም።

«ወተትና እንቁላል ማንንም አይገድልም»

ይገድላል። የእንቁላል ዶሮ በሚፈለፈልባቸው ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ወንዱ ጫጩት እንቁላል ስለማይጥል ገና እንደተፈለፈለ ይገደላል። ወተቷ የነጠፈ ላምም ወደ ቄራ ትነዳለች።

«አቅም ያሳጣል»

ፕሮቲን ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ይገኛል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከዕፅዋት አይገኝም፤ በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ መውሰድ ግድ ነው።

«ታዲያ አርብቶ አደሩ ምን ይብላ?»

በድሬዳዋ ዙሪያ ቆላው ላይ በግመል ወተት የሚኖር ቤተሰብ ሌላ አማራጭ የለውም። እሱን የሚወቅስ ቪጋን ካለ ተሳስቷል። እኔ የምጠይቀው ድሬዳዋ ከተማ ቀፊራ ገበያ መሃል ቆሞ ሽምብራውንም ማንጎውንም መግዛት የሚችለውን ሰው ነው።